ሕክምናው ሩቅ ነው፣ ጥያቄው ግን ድሬ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ቡናዬን ይዤ መጀመሪያ የምገልጠው የአንባቢያን ደብዳቤ ያለበትን ገጽ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢ ስለ መካንነት ሕክምና ያወጣችሁትን ዘገባ አመስግነው ጽፈው ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር አከሉ። ሕክምናው በሀገራችን ገና ዳዴ እያለ ስለ ሽልና ስለ ዘረመል ሥነ ምግባር የሚያጠና ሰው ማሠልጠን ቅንጦት ነው፣ ገንዘቡ ለአልጋና ለመድኃኒት ይዋል አሉ።

ያ ሥራ የእኔ ሥራ ነው።

አልጋ ያሉትን አልቃወምም። አሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሁለት ወላድ አንድ አልጋ ላይ ያደሩበትን ሌሊት አልረሳም። ጓንት ሲያልቅ፣ ውሃ ሲጠፋ፣ በስልክ መብራት ስናዋልድ ነበርኩ። ቅንጦት የተባለው ነገር በመጉደሉ ግን ትዳር ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

በ1998 ክረምት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስንቱን ሰው በወሰደብን ዓመት፣ እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ከጎርፉ በኋላ ባሉት ወራት አንዲት ወጣት ሴት ከአማቷ ጋር ወደምሠራበት ቦታ መጣች። ካገባች አራት ዓመቷ ነው፣ አልወለደችም። የምታወራው አማቷ ናት። ልጅቷ የሽቲዋን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬቱን ታያለች። ደም ተመርምራለች። አልትራሳውንድ ታይታለች። የማህፀን ቱቦ ራጅም ተነስታለች፤ ያ ራጅ እንዴት እንደሚያም የተነሳች ታውቀዋለች። ሁሉም ደህና ነው። "እማማ፣ ልጅዎም ይመርመር እንጂ" አልኳቸው። "ልጄ ምን ሆኖ?" አሉኝ። አልተቆጡም። ከልባቸው ነው የገረማቸው።

ባልየው ከሳምንት በኋላ ብቻውን መጣ። የበርጫ ሰዓት ነው፣ ግቢው ጭር ብሏል። ናሙና ሰጠ። አንድም ስፐርም አልተገኘበትም። ሌላ ቀን ደግመን አየነው፣ ያው ነው። ወረቀቱን ሳሳየው እጄን ያዘኝ። "ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። "ለሚስትህስ?" አልኩት። "ለእሷም" አለኝ።

ዝም አልኩ። ትምህርት ቤት የታካሚ ምስጢር ጠብቂ ተብያለሁ። ጠበቅኩ።

ዓመት ሳይሞላ ተፋቱ። ልጅቷ "መካን" የሚል ስም ተሸክማ ጨርጨር ወላጆቿ ጋ ሄደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ዘመድ ጥየቃ ድሬ መጥታ ሳለ ምጥ ያዛት፣ ከሁለተኛ ባሏ። ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ወንድ ነው፣ ሦስት ኪሎ ተኩል። ልጁን ደረቷ ላይ ሳስቀምጥላት ቀና ብላ አየችኝ። "ሲስተር፣ ያኔ ታውቂ ነበር አይደል?" አለችኝ።

አልመለስኩላትም። እትብቱን ቆረጥኩ፣ አሰርኩ፣ ወጣሁ።

ያ ጥያቄ ነው ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ። ምስጢሩ የእሱ ነው፣ እውነት ነው። ግን የእሷ ሕይወትም በዚያ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሆነችውን ስትባል ኖራለች። በደለኛው ማን ነው? ባልየው ነው? እኔ ነኝ? አንድም የሚያማክረኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙን ስጠይቀው "እኛ ሕክምና እንጂ ሽምግልና አንሠራም" አለኝ። ሥራ በዝቶበት ነበር፣ አልፈርድበትም።

ዛሬ እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። ባልና ሚስት ለመካንነት ምርመራ ሲመጡ ገና መርፌ ሳይነካቸው ሁለቱንም አብሬ አስቀምጣለሁ። "ውጤት ሲመጣ ለማን ነው የሚነገረው?" እላለሁ። "ከአንዳችሁ ቢገኝ ሌላችሁ እንድትሰሙ ትስማማላችሁ? ለአማትስ? ለእናትስ?" ወረቀቱ ባዶ እያለ ሰው ፍትሐዊ ነው። ማንም ጥፋተኛ አልሆነማ። "አብረን እንስማ" ይላሉ፣ አብዛኞቹ። ችግሩ የወንድ ሆኖ ሲገኝ ቃሉ ተሰጥቷል። ቀላል ነገር ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በ1998 ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቢኖር ያቺ ልጅ ከነስሟ ትኖር ነበር።

የወንድን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው አንድ ጊዜ መካንነት ያጋጥመዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ ሞክሮ አለመፀነስ ማለት ነው። ከወንዱ በኩል ያለው ችግር ብቻውንም ሆነ ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ግማሽ ያህሉን ጉዳይ ይነካል። እኛ ጋ ግን እስካሁን ስሙ የሴት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ወጣሁ። የተማርኩት የኅብረተሰብ ጤና ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ግን ለመካንነት የሚታከሙ ሴቶች የስምምነት ቅጽ ላይ ሲፈርሙ ምን እንደተረዱ ነበር። ቀጥሎ ባዮኤቲክስ፣ ማለትም የሕይወትና የሕክምና ሥነ ምግባር፣ በርቀት ተማርኩ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ሲሻለው። ዛሬ አስተምራለሁ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ሰው አማክራለሁ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ "መምህርት፣ እንጀራ ያበላል?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ደመወዜን የምበላው በመምህርነቴ ነው። እኔ በሠራሁባቸውና በማውቃቸው ሆስፒታሎች ለዚህ ሥራ የሚሆን መደብ የለም። ኮሚቴው የሚሰበሰበውም ከሥራ ሰዓት በተሰረቀ ጊዜ ነው።

የአንባቢው ሐሳብ መጀመሪያ ሕክምናው ይስፋፋ፣ ሥነ ምግባሩ ይደርሳል የሚል ነው። እስቲ የሠሩት ሰዎች ጋ ምን እንደሆነ እንይ። ከማህፀን ውጭ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን በፈረንጆች ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ ሀገር ኦልድሃም ተወለደች። ሦስት ሰዎች ናቸው እዚያ ያደረሷት፣ ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ እና ጂን ፐርዲ። ፐርዲ ነርስ ነበረች። ስሟ ለብዙ ዓመት ተዘንግቶ ነበር፣ እኔ ግን ለነርስ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የምነግራቸው የእሷን ነው። ሕፃኗ አራት ዓመት ሲሞላት መንግሥት ደነገጠ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ሽል የማን ነው? እስከ ስንት ቀን ነው የሚቆየው? በ1982 ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢዋ ሐኪም አልነበረችም። ሜሪ ዋርኖክ የምትባል የፍልስፍና ሰው ናት። ኮሚቴዋ በ1984 ሽልን ከ14 ቀን በላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ይከልከል አለ። ከዚያ በኋላ የአካል መስመር መታየት ይጀምራልና። ሕጉ የጸደቀው ደግሞ በ1990 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። እኛ አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ የለብንም፣ ምክንያቱም ጥያቄዎቹ አሁን ተጽፈው አሉ።

ደግሞ ቸኩሎ ያለፈውንም አይተናል። በፈረንጆች 2018 ኅዳር ወር ሄ ጂያንኩዊ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ የሁለት መንትያ ሴቶችን ዘረመል ገና ሽል ሳሉ ቀይሬያለሁ አለ። አባትየው ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ነበረ። ልጆቹ ቫይረሱ እንዳይዛቸው ነው ተባለ። ዓለም ጮኸ፣ ሰውየውም በ2019 መጨረሻ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዘረመሉ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ወላጆቹ የፈረሙት ወረቀት ነው። ሥራውን የኤድስ ክትባት ማበልጸጊያ ፕሮጀክት ይለዋል። ክትባት! ልጅ አጥቶ የሚፈልግ ሰው ክትባት የሚል ወረቀት ሲሰጠው አይፈርምም እንዴ?

ይህን ስል ዘረመልን መንካት ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በፈረንጆች 2023 በዚያው ቻይናዊው በተጠቀመበት ክሪስፐር የተባለ ዘረመል ማረሚያ መሣሪያ የሚሠራ፣ ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም የሚሆን ሕክምና እንግሊዝ ሀገር ተፈቅዷል። የታመመው ሰው የራሱ ደም ሕዋስ ነው የሚታረመው፣ ለልጅ ልጅ አይተላለፍም። ሽል ላይ የተደረገው ግን ያልተወለዱትንም ይነካል። ልዩነቱ ይህ ነው። ይህን ልዩነት ለአንድ ነጋዴ፣ ለአንድ የባጃጅ ሾፌር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል ነው የምለው።

ወደ ድሬ ልመለስ። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ፌስታል ይዛ መጣች። ፌስታሉ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አለ። 11 ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ከሁለት ዓመት በፊት እሷና ባሏ የመጋላ ሱቃቸውን ሸጠው ከሀገር ውጭ ሄደው ታክመዋል። አሥር ቀን ከምናምን መርፌ ተወግታለች። እንቁላል ወጣ፣ ሽል ተገኘ፣ አንዱ ተተከለላት፣ የቀሩት አራቱ በቅዝቃዜ ተቀመጡ። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። አልያዘም። ይህ ሕክምና ለወጣት ሴት እንኳ በአንድ ተከላ ከመሳካቱ ይልቅ አለመሳካቱ የበዛ ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ በጣም ይወርዳል። ይህንንም አልነገሯትም። ወይም ነግረዋታል፣ በማታውቀው ቋንቋ።

"ሲስተር፣ አራት ልጆቼ በረዶ ውስጥ ናቸው ብለውኛል" አለችኝ። ኢሜይል ደርሷቸዋል። ለማቆያ ይክፈሉ ወይም ወስኑ ይላል።

ከዚያ የጠየቀችኝን መቼም አልረሳውም። "መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናሉ?" አለችኝ። የድሬ ሰው ነቻ። ሐምሌ ላይ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስታስብ ኖራለች፣ ማንንም ሳትጠይቅ። አስረዳኋት። ሽል የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ አይደለም። ፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ ታንከር ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። መብራት ባይኖርም ይቆያል፣ ናይትሮጅኑ ሲተን ግን ሰው መጨመር አለበት። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚጠይቁት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አሥር ደቂቃ ምንም አላወራንም፣ ውሃ ጠጣች።

ወረቀቱን ገለጥን። ገጽ 6 ላይ ሦስት ሣጥን አለ። ማቆየት ስታቆሙ ሽሉ ምን ይሁን ይላል። አንዱ ይወገድ፣ አንዱ ለሌላ ጥንዶች ይሰጥ፣ አንዱ ለምርምር ይዋል። እሷ ምርምሩ ላይ ምልክት አድርጋለች። "ምን ብለሽ ነው?" አልኳት። "እሷ ጣቷን እዚያ ላይ አደረገች፣ እኔም አደረግኩ" አለችኝ። "እሷ" ያለቻት ወረቀቱን የሰጠቻትን ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ ቃል ቸገረኝ። ያንን የመጀመሪያ ሣጥን በአማርኛ እንዴት ብዬ ላንብብላት? "ይጣል" አልኩ መጀመሪያ። እጇ ሆዷ ላይ ሄደ። ይጣል ለቆሻሻ ነው የምንለው። ለሌላ ቃል አሰብኩ። "ማቆየቱ ይቁም" አልኩ። ይሄኛው ደህና ነው፣ ግን ደግሞ የሚሆነውን ይሸፍናል። ስለዚህ ሁለቱንም ነገርኳት። "ማቆየቱ ይቁም ማለት ከናይትሮጅኑ ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ በሕይወት አይኖሩም" አልኳት። "አሁን አንቺ በራስሽ አፍ ንገሪኝ፣ ምን ማለት ነው?" መልሳ ነገረችኝ፣ ቀስ ብላ። ያኔ ነው ገባት የምለው። ፊርማ ያኔ ነው ፊርማ የሚሆነው።

ደግሞ ይህን አስተዋልኩ። እሷ "ልጆቼ" ትላለች። ባሏ "ያ ነገር" ይላል። ሁለቱም ተጎድተዋል። የእኔ ሥራ ከሁለቱ አንዱን ማረም አይደለም። ሽል ሰው ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ዋርኖክንም ያከራከረ ነው፣ የእኔ ጠረጴዛ ላይ አያልቅም። ሥራዬ ባል "ያ ነገር" ሲል ሚስት ለምን እንደምታለቅስ፣ ሚስት "ልጆቼ" ስትል እሱ ለምን ተነስቶ እንደሚወጣ አንዳቸው ለአንዳቸው እንዲናገሩ ማድረግ ነው።

ባልየው ከሁሉ በፊት ማወቅ የፈለገው ሐላል መሆኑን ነው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ሼካቸው ጋ እንዲሄዱ መከርኩ፣ ግን ምን እንደተደረገ በትክክል ጽፌ ሰጠኋቸው። ሼኩ በስልክ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ዘሩ የራሳቸው ነው? ትዳራቸው ጸንቷል?" የግብፁ አልአዝሃር በፈረንጆች 1980 ባወጣው ፈትዋም ነገሩ የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ላይ ነው፣ የሦስተኛ ሰው ዘር ሳይገባ፣ በትዳር ውስጥ። ገጽ 6 ላይ ያለውን ሁለተኛ ሣጥን፣ ለሌላ ጥንዶች ይሰጥ የሚለውን፣ ያንን ሳያውቁ ሞልተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማቸው እንደነበር አስቡት። ሌላ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እህት ደግሞ መታከሟን ለንስሐ አባቷ ለመናገር ፈርታ ሦስት ዓመት ሳትቆርብ ኖራለች። ሂጂና ንገሪያቸው፣ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። አብረን ሄድን።

ስለ ዘረመል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አንባቢው ይሄኛውን ይበልጥ ሩቅ አድርገው ነው ያዩት። እዚህ አካባቢ የአጎት ልጅ ማግባት እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ባህል ላይ ጣቴን ልቀስር አይደለም የተነሳሁት፤ ከአጎት ልጅ ጋር ተጋብተው ከሚወልዱት አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ነው የሚወልዱት። ግን ሁለት መስማት የተሳናቸው ልጆች የወለዱ ባልና ሚስት ከሐረር መጡ። ሐኪማቸው በዘር ነው ብሏቸዋል። የባልየው ዘመዶች ደግሞ እርግማን ነው ብለዋል። ሚስቲቱ የቱን እንደምታምን ግራ ገብቷታል።

ከወጥ ቤት ሽንብራና ባቄላ አመጣሁ። ለእሱ አንድ ሽንብራና አንድ ባቄላ በእጁ ሰጠሁት። ለእሷም እንዲሁ። "ሽንብራው ደህናው ነው፣ ባቄላው የተለወጠው ነው" አልኳቸው። "እናንተ አንድ ደህና ስላላችሁ ትሰማላችሁ። ባቄላውን ግን ሳታውቁ ይዛችሁታል። ከአንድ አያት የወረሳችሁት ነው። ልጅ ሲፀነስ ከእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ያነሳል።" ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ አንድ አወጡ። ሽንብራና ሽንብራ። ሽንብራና ባቄላ። ባቄላና ባቄላ ሲወጣ ሰውየው ዝም አለ። "ከአራት አንድ ዕድል ነው" አልኩት። "ሁለት ካገኘን እንግዲህ ቀጣዮቹ ስድስቱ ደህና ናቸው ማለት ነው?" አለኝ። ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አይደለም። ሁለቱን ፍሬ ወደ እጁ መለስኩለት። "ለእያንዳንዱ እርግዝና እንደገና ከመጀመሪያ ነው የምታነሱት። ባቄላው ባለፈው መውጣቱን አያስታውስም።"

ሰውየው ፍሬዎቹን አልመለሰልኝም። ኪሱ ከተታቸው። ለእናቴ አሳያታለሁ አለ። እርግማኑ እዚያ ያለቀ ይመስለኛል።

ሚስቲቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። በሩቅ ሀገር ሽል ሳይተከል ተመርምሮ የተለወጠው ዘር ያልደረሰበት እንደሚመረጥ ሰምታለች። ትልቋ ልጇ አጠገባችን ቁጭ ብላ ሐላዋ እየበላች በእጇ ከወንድሟ ጋር ታወራለች፣ እየሳቁ። "ያኔ ምርመራው ቢኖር ይቺ ልጄ ሳትመረጥ ትቀር ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። 

ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ የሆነ መልስ ያለው ሰው አላውቅም። ያልኳትን ልንገራችሁ። ለሚመጣው ልጅ መምረጥና ያለችውን ልጅ መውደድ አንድ ነገር እንዳይመስላት፣ ማንም "ይህን ካልመረመርሽ ጥፋተኛ ነሽ" እንዳይላት፣ ማንም ደግሞ "ከመረመርሽ ልጅሽን ጠልተሻል" እንዳይላት ነገርኳት። ደግሞ ምርመራ ሲባል የአባትና የእናት ናሙና ስለሚወሰድ ያልጠበቁት ነገር ሊወጣ እንደሚችልም ነገርኳቸው። ድሬዳዋም ላይ በሚሠራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ሕጉ ለልጁ ብሎ ዘግቶ ያስቀመጠውን በር አንድ የደም ጠብታ ሊከፍተው ይችላል። ይህን ከናሙናው በፊት ነው መናገር እንጂ ውጤቱ እጅ ላይ ሆኖ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ የእኛው ሰዎችም ሠርተውታል። ወላይታ ውስጥ በቀይ አፈር በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ሲያጠኑ ተመራማሪዎቹ ዘረመል ለመውሰድ ከመሮጣቸው በፊት መንደሩን ጠየቁ። በዘር ነው ማለት የታመሙትን ቤተሰቦች ይበልጥ ሊያስገልላቸው እንደሚችል ከሰዎቹ ሰሙ። ፈቃድ የሚጠይቁበትን መንገድ በዚያ መሠረት አስተካከሉ። ጥናቱም አልቀረም። በፈረንጆች 2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሥነ ምግባሩ ሳይንሱን አላዘገየውም፣ ተማሪዎቼ ይህን ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የመካንነትና የዘረመል ምርመራ የሚሰጥ፣ ወይም ሰው ወደዚያ የሚልክ ሆስፒታል ሁሉ አንድ ሰው ይመድብ። ፒ.ኤች.ዲ. አያስፈልገውም። ጎበዝ አዋላጅ ወይም ነርስ ሠልጥና ትችለዋለች፣ ሰው ማነጋገር የምታውቅ ከሆነች። የስምምነት ቅጹ ሰውየው በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ለድሬና ለሐረር ቢያንስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ፣ ለሐረር ደግሞ ሐረሪም ይታከል። በማስረዳትና በማስፈረም መካከል አንድ ሌሊት ይደር። ሰው ቤቱ ሄዶ ተመካክሮ ይምጣ። ከገጽ 6 ዓይነት ሣጥን ፊት ማንም ጣት እያመለከተ አያስፈርም። እንዲሁም ሕክምናው ሲያልቅና ሳይሳካ ሲቀር ቀጣዩን ነገር የሚናገር ሰው ይኑር። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ ወደ ሕጋችን የገባው እዚህ የቆየ መንገድ ስለሆነ ነው፣ ግን ሕክምናው ያልሆነላቸው ሰዎች ጋ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም።

አንድ ሰው የአንድ አልጋ ዋጋ ያህል ያወጣ ይሆናል። ያ አልጋ ቢገዛ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ጨርጨር የሄደችው ልጅ ያጣችው አልጋ አልነበረም።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስለዚህ ሕክምና ስትዘግቡ የተወለደውን ልጅ ፎቶ ብቻ አታውጡ። ያልተሳካላቸውን፣ ውሳኔ ላይ የተቀመጡትንም ጠይቁ። ስማቸውን ሳትጽፉ ይነግሯችኋል፤ ለእኔ ነግረውኛል።

የፌስታሏ ሴት ወረቀት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በእርሳስ በጎኑ በአማርኛ እየተረጎምኩላት ነው፣ ገጽ 7 ላይ ደርሰናል። ክሊኒኩ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጥቷቸዋል። ሐሙስ፣ ከአሱር በኋላ፣ ከባሏ ጋር ይመጣሉ። እሱ ባለፈው ጊዜ በር ላይ ቆሞ ነበር የሰማን፣ ሐሙስ ለሦስታችን ወንበር አዘጋጅቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አዋላጅና የሕክምና ሥነ ምግባር መምህርት፣ ድሬዳዋ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)